ኔቶ ፊቱን ወደ ቤቱ ሲያዞር፣ ከቆጋ ሲታይ

በ2013 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሜጫ ወረዳ ከሚገኘው የቆጋ መስኖ የተለቀመ አቮካዶ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ተጭኖ ከሞጆ በባቡር ጅቡቲ ደረሰ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ምርቱን ቢበዛ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሲያደርስ የኖረው የሜጫ ገበሬ በዚያ ጉዞ ኑሮውን ከባብ ኤል መንደብ፣ ከቀይ ባሕርና ከስዊዝ ቦይ ጋር አቆራኘ። አቮካዶ ደግሞ እንደ ቡና ከርሞ የሚሸጥ ነገር አይደለም። ከዛፉ ከወረደ በኋላ የሚቆየው ለሳምንታት ነው፤ በባሕር ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ቀን ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

ይህ መንገድ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ታወከ። የየመን ሁቲዎች በጋዛው ጦርነት ሰበብ የንግድ መርከቦችን መያዝና መምታት ሲጀምሩ፣ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ዞሩ። ጉዞው ከአሥር ቀን በላይ ረዘመ፤ የኢንሹራንስና የጭነት ዋጋ ናረ። ከወጪና ገቢ ንግዷ አብዛኛውን፣ 95 በመቶ ገደማውን፣ በጅቡቲ የምታስተናግደው ኢትዮጵያ መርከብ እዚያ ሲጠፋ የምትዞርበት ሌላ ደጅ የላትም።

በዚያን ጊዜ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት (ኔቶ) የት ነበር? ጥያቄው የዋህነት አይደለም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 በነበሩት ዓመታት «ኦሽን ሺልድ» በሚል ስም የጦር መርከቦቹን ወደዚሁ አካባቢ ልኮ የሶማሊያ ባሕር ወንበዴዎችን ሲያሳድድ ነበር። በሁቲዎቹ ጊዜ ግን በድርጅትነቱ አልመጣም። አሜሪካና ብሪታንያ የራሳቸውን ጥምረት አቆሙ፤ የአውሮፓ ኅብረት «አስፒደስ» የተባለ ለብቻው የሚመራ ተልእኮ አሰማራ። አንድ የነበረው ቃል ኪዳን በአንድ ባሕር ላይ ሁለት ሆኖ ታየ።

ከዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2025፣ የአሜሪካ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ስለ የመን ድብደባ በስልክ መልእክት የተለዋወጡት ሐሳብ በስህተት ለአንድ ጋዜጠኛ ደርሶ ታተመ። በዚያ ምክክር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄ.ዲ. ቫንስ በስዊዝ የሚያልፈው የአሜሪካ ንግድ 3 በመቶ፣ የአውሮፓው ግን 40 በመቶ መሆኑን ጠቅሰው፣ አውሮፓን ደግሞ ማዳን እንደሚያስጠላቸው ገለጡ። በዚያ ስሌት ውስጥ የሁለቱ ወገኖች ድርሻ አለ። የጅቡቲ፣ የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የኤርትራ ድርሻ ግን በምንም መልክ አልገባም። ባሕሩ የሚያዋስነውና ከሁሉ ይበልጥ የሚኖርበት ሕዝብ ሒሳቡ ውስጥ የለም።

ስለ አትላንቲክ ማዶው ቃል ኪዳን መለወጥ በብዛት የሚጻፈው ከብራስልስና ከዋሽንግተን ሆኖ ነው፤ ሩሲያ ምን ታደርጋለች፣ አውሮፓ ብቻዋን ትቆማለች ወይ፣ አሜሪካ ትወጣለች ወይ ይባላል። ከቆጋ ሲታይ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ኔቶ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በሩቅ አገር ሲዘምት ከርሞ አሁን ፊቱን ወደ ቤቱ እያዞረ ነው። ይህ ለውጥ ወደ እኛ የሚደርሰው በወታደርና በአውሮፕላን አይደለም፤ በማዳበሪያ ዋጋ፣ በተቋረጠ የእርዳታ በጀትና ደመወዝ በጠፋለት ሰላም አስከባሪ በኩል ነው። በሌሎች የደኅንነት ቃል ላይ የቆመ ኑሮ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ደግሞ ከእኛ ይበልጥ የሚያውቅ አገር ጥቂት ነው።

የስዊዝ ቦይ ክፍት እንደነበር

ፋሺስት ኢጣሊያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር ወታደሮቿና የጦር ዕቃዋ ያለፉት በስዊዝ ቦይ ነው። ቦዩን የሚቆጣጠሩት ብሪታንያና ፈረንሳይ መዝጋት ይችሉ ነበር፤ አልዘጉትም። የመንግሥታቱ ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ቢጥልም ታንክና አውሮፕላን የሚንቀሳቀስበትን ነዳጅ ከማዕቀቡ አወጣው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው በአማርኛ አቤት ሲሉ አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ወር ሊሞላ ነበር። ከንግግሩ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ያ የተሸረፈ ማዕቀብ ራሱ ተነሣ። የዓለም የጋራ ደኅንነት ታሪክ በሚጻፍበት መጽሐፍ ሁሉ ይህ ምዕራፍ አለ፤ ለሌላው ምሳሌ ነው፣ ለእኛ ግን የመርዝ ጋዝና የሙት ልጆች ጉዳይ ነበር።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ኔቶ ሲመሠረት ኢጣሊያ ከ12ቱ መሥራች አባላት አንዷ ሆነች። በአንጎላ፣ በሞዛምቢክና በጊኒ ቢሳው ቅኝ ገዥ የነበረችው ፖርቱጋልም እንዲሁ። የውሉ አንቀጽ 6 ደግሞ ጥበቃ የሚደረግለትን ምድር ሲዘረዝር በፈረንሳይ ሥር የነበሩትን የአልጄሪያ ግዛቶች በስም ጠቅሶ ያካትት ነበር። ስለዚህ ቃል ኪዳኑ ከአፍሪካ ጋር የተዋወቀው በሰላም አስከባሪነት አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቅኝ ገዥ አባላቱ በኩል እዚህ ነበር። ይህን የማነሣው ቂም ለመቆስቆስ ብዬ ሳይሆን፣ አሁን ሲሄድ የምንለካበት መስፈሪያ ትክክል እንዲሆን ነው።

ባሕር ዳር የዚያ ዘመን ፉክክር የሠራት ከተማ ናት። በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ከኢጣሊያ የጦር ካሣ የተገኘ ነው፤ በ1947 (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወስኖ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተከፈተ። የከተማዋን ማስተር ፕላን የነደፉት ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ናቸው። ዘንባባ የተሰለፈባቸውን ሰፋፊ ጎዳናዎች የሚወድ ሰው ሁሉ፣ አንዱ ጎራ መንገዱን ሲነድፍ ሌላው ጎራ ትምህርት ቤቱን ይገነባ እንደነበር ቢያውቅ አይከፋም። ያኔ ሁለቱም ይፈልጉን ነበር። ጃንሆይም ይህን ያውቁ ነበር፤ ከሁለቱም ወሰዱ።

የዓባይ ጥናት የዚሁ ፉክክር ልጅ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአስዋን ከፍተኛ ግድብ ልትሰጥ ያሰበችውን ገንዘብ ከለከለች፤ በ1958 ሶቪየት ኅብረት ቦታዋን ተካች። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የመሬትና ውኃ ልማት ቢሮ መሐንዲሶች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የዓባይን ተፋሰስ ማጥናት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ያጠናቀቁት ሥራ ካራዶቢን፣ ማቢልን፣ መንዳያንና የድንበሩን ግድብ ቦታ ለይቶ አስቀመጠ፤ የጣና ዙሪያ ወንዞችንም ለመስኖ መረመረ። ከዚያ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ተኛ። የካይሮ ፖለቲካ ሲለወጥ ዋሽንግተን ገንዘብ የማውጣት ምክንያት አጣች። በድንበሩ አካባቢ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ወጪውም ከመምህሩ፣ ከወታደሩ፣ ከነጋዴውና ከገበሬው ኪስ ወጣ።

ኢትዮጵያ ለጋራ ደኅንነት የከፈለችውንም ማንሣት ያስፈልጋል። ከመንግሥታቱ ማኅበር ክህደት 15 ዓመት በኋላ የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ገባ፤ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎ ተዋጋ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፣ አንድም ምርኮኛ አልሰጠም። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፤ አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያም በዚያው ጀግና ሻለቃ ስም «ቃኘው» ተባለ። ይህ ወዳጅነት 24 ዓመት ቆየ። ሳተላይቶች ጣቢያውን ሲተኩት ዋጋው ወረደ፤ የደርግ ጭካኔ ተጨመረበት። በየካቲት 1969 ዓ.ም. የካርተር መንግሥት ወታደራዊ እርዳታውን ቆረጠ፤ በሚያዝያ ደርግ ጣቢያውን ዘጋ፤ በሐምሌ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገባ። ክፍተቱን የሞሉት ሶቪየትና ኩባ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ሶቪየት ኅብረት ሲዳከም ሄዱ።

ከጄኔቫም ከአስመራም የሚወጣው ነገር አንድ ነው። ኃያሉ ወገን ለራሱ ምክንያት ይመጣል፣ ምክንያቱ ሲያልቅ ይሄዳል። በዚህ መናደድ አያስፈልግም፤ አለመዘጋጀት ግን ይቅር አይባልም።

ሙኒክና ባሕር ዳር

የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ኔቶ ጠላት አጣ፤ ሥራ ግን ፈለገ። ቦስኒያና ኮሶቮ፣ ከዚያም አፍጋኒስታን ሄደ። ወደ አፍሪካ የመጀመሪያውን ተልእኮ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በአፍሪካ ኅብረት ጥያቄ ለዳርፉር ሰላም አስከባሪዎችን በአውሮፕላን አመላለሰ። በሶማሊያ ላለው የኅብረቱ ሰላም አስከባሪ ተልእኮ፣ ለአሚሶምም፣ የአየር መጓጓዣ ረዳ፤ አዲስ አበባ በሚገኘው የኅብረቱ ዋና መሥሪያ ቤት የግንኙነት መኮንኖች አስቀመጠ። እነዚህ ጠቃሚ ሥራዎች ነበሩ። አፍሪካ ወታደር አላት፤ ወታደሯን የምታደርስበት ትልቅ የጭነት አውሮፕላን ግን አልነበራትም፤ ዛሬም በበቂ የላትም።

ከዚያ ሊቢያ መጣ። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ደኅንነት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2011 የሰላም ፍኖተ ካርታ አጸደቀ፤ አምስት መሪዎች የሚገኙበት ኮሚቴም አቋቋመ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በሳምንቱ ውሳኔ 1973ን አሳለፈ። የኮሚቴው አባላት ማርች 20 ቀን ትሪፖሊ ሊገቡ ፈቃድ ቢጠይቁ ተከለከሉ፤ ሰማዩ የቦምብ ጣዮች ሆኖ ነበር። ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ዘመቻውን ኔቶ መራ። ሲቪሎችን መጠበቅ ተብሎ የተጀመረው መንግሥት በመለወጥ አበቃ፤ የጋዳፊ የጦር መጋዘኖች ተበትነው መሣሪያው በሰሃራ በኩል ማሊ ደረሰ። በዓመቱ ማሊ ፈረሰች። ሳሕልን ዛሬ ያለችበት ያደረሳት ይህ ብቻ ነው አልልም፤ የየአገሩ መንግሥታት ብልሹነት ድርሻው ከባድ ነው። ነገር ግን አህጉሩ ያቀረበው መፍትሔ ሳይሞከር መገፋቱን አፍሪካውያን ዲፕሎማቶች እስካሁን አልረሱትም።

ሊቢያ ላይ የኔቶ ዘመቻ ካበቃ ከአምስት ወር ተኩል በኋላ፣ በሚያዝያ 2004 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የጣና ከፍተኛ የደኅንነት ፎረም ባሕር ዳር ላይ ተከፈተ። ያዘጋጀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት ነው፤ ከጀርባው አቶ መለስ ዜናዊ ነበሩ፤ ቦርዱን የናይጄሪያው ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ መሩት። መነሻው የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በኦገስት 2009 ያወጡት መግለጫ ሲሆን፣ ያ መግለጫ የወጣው ትሪፖሊ ላይ መሆኑ ያሳዝናል። ፎረሙን ብዙዎች «የአፍሪካ ሙኒክ» ይሉታል። ሙኒክ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የአትላንቲክ ማዶና ማዶ ሹማምንት በየዓመቱ የሚመካከሩባት ከተማ ናት። ባሕር ዳርም ለጥቂት ዓመታት በየሚያዝያው እንዲህ ሆነች፤ ፕሬዚዳንቶች ያለ ጽሑፍና ያለ ፕሮቶኮል ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ተከራከሩ። በ2008 ዓ.ም. ርእሱ አፍሪካ በዓለም የደኅንነት አጀንዳ ውስጥ ያላት ቦታ ነበር፤ ኮፊ አናን መጥተው ዋናውን ንግግር አደረጉ።

ይህ ፎረም ለዓለም ያደረገው ነገር አለ ወይ ተብዬ ብጠየቅ፣ የሰላም ውል አላስፈረመም። ግን የአፍሪካ ጉዳይ ሌላ ቦታ ተቆርጦ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ እዚሁ መነጋገር እንደሚቻል አሳየ፤ ይህ ቀላል አይደለም። 11ኛው ፎረም በመለወጥ ላይ ባለ የዓለም ሥርዓት ውስጥ አፍሪካ የት ናት በሚል ርእስ ተካሄደ። ርእሱ ትክክለኛ ነበር።  

የጣና ዙሪያ ራሱ ግን ሰላም አጥቷል፤ ይህን የቆጋ ሰው ያውቀዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት አለ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በቆጋ አጠገብ ባለችው በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። ምዕራባውያን ምርመራ እንዲደረግ ጠየቁ፤ ከዚያ በላይ የሄደ ነገር አላየንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ይህን የመሰለ ግድያ በብራስልስና በዋሽንግተን ረጅም ክርክር ያስነሣ ነበር። ዛሬ ትኩረቱ ዩክሬን ላይ፣ ጋዛ ላይ፣ ታይዋን ላይ ነው። የውጭ ጣልቃ ገብነት ናፋቂ አይደለሁም፤ ሊቢያን አይቻለሁ። የምለው፣ ስለ ዓለም ደኅንነት ሲወራ መራዊ የሞቱት ሰዎች የማይቆጠሩበት ወሬ ከሆነ ጎዶሎ ነው።

ገንዘቡ ወዴት ሄደ?

ሩሲያ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ዩክሬንን በሙሉ ኃይል ስትወር ኔቶ የጠፋው ጠላቱ ተመለሰለት። ፊንላንድና ስዊድን ገቡና አባላቱ 32 ሆኑ። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 በሔግ ጉባኤ አባላቱ እስከ 2035 ከአገራዊ ምርታቸው 5 በመቶውን ለመከላከያና ለተያያዥ ሥራ ለማዋል ተስማሙ፤ ከዚህ 3 ነጥብ 5 በመቶው ለጦር ኃይል ብቻ ነው። የቀድሞው ግብ 2 በመቶ እንደነበርና ብዙዎቹም ለዓመታት እንዳልደረሱበት ላስተዋለ ሰው ይህ ትልቅ ዝላይ ነው። አውሮፓ ፈርታለች፤ የምትፈራውም ሞስኮን ብቻ አይደለም። የቃል ኪዳኑ ዋና ዋስ የሆኑት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የዴንማርክ ይዞታ የሆነችውን ግሪንላንድን እንፈልጋለን ሲሉ ሰምታለች።

ለመድፍ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ቦታ መቀነስ አለበት። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የመከላከያ በጀቷን ከፍ ለማድረግ የውጭ እርዳታዋን ከአገራዊ ገቢዋ 0 ነጥብ 5 ወደ 0 ነጥብ 3 በመቶ እንደምታወርድ በግልጽ አስታወቀች። አሜሪካ በሌላ ምክንያት ወደዚያው ደረሰች፦ የእርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤአይዲ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራውን አቆመ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች መካከል የዚያ ድርጅት ዋነኛ እርዳታ ተቀባይ ነበረች። የጤና ኬላው፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ፣ የተፈናቃዩ ስንዴ ከዚያ ይመጣ ነበር።

ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ለውጥ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ «የአፍሪካ የሰላም ፋሲሊቲ» የተባለ ቋት ነበረው፤ የሶማሊያ ሰላም አስከባሪዎች አበል በአብዛኛው ከዚያ ነበር የሚከፈለው። በ2021 ያ ቋት ታጠፈና ለመላው ዓለም በሆነ «የአውሮፓ የሰላም ፋሲሊቲ» ተተካ። በዓመቱ የዩክሬን ጦርነት ተነሣ፤ ከአዲሱ ቋት ትልቁ ድርሻም ለዩክሬን የጦር መሣሪያ ዋለ። ማንም አውሮፓን ቤትሽ ሲቃጠል ለምን ታጠፊያለሽ ሊላት አይችልም። ውጤቱ ግን ሞቃዲሾ ላይ ታየ። አሚሶምን የተካው አትሚስ በዲሴምበር 2024 ሲያበቃ ቦታውን የያዘው አውሶም ገና ከመነሻው ገንዘብ የጎደለው ነው። የጸጥታው ምክር ቤት በዲሴምበር 2023 ያሳለፈው ውሳኔ 2719 ለአፍሪካ ኅብረት ተልእኮዎች ከተባበሩት መንግሥታት መዋጮ እስከ 75 በመቶ ወጪ እንዲሸፈን በር ከፍቷል፤ ለሶማሊያ እንዳይውል ግን አሜሪካ ተቃወመች። በባይዶዋና በጌዶ ጎራ ለዓመታት የቆመው የኢትዮጵያ ወታደር ይህ የበጀት ክርክር በቀጥታ ይነካዋል።

አሁን ወደ ማዳበሪያው ልምጣ፤ ቆጋን ከሁሉ ይበልጥ የነካው ይህ ነውና።

የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል፤ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተሠራው 7 ሺህ ሔክታር እንዲያጠጣ ነው። ገበሬው ክረምት በቆሎና ዳጉሳ፣ በጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ያመርታል። የበጋ መስኖ ስንዴ መንግሥት በዘመቻ ሲያስፋፋ ቆጋ ከአማራ ክልል ማሳያዎች አንዱ ሆነ። መስኖ ማለት ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ማረስ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ማረስ ደግሞ ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ መግዛት ነው። ቦዩ ውኃ ያመጣል፤ ዩሪያው በሌለበት ግን የተሻሻለው የስንዴ ዘር አንገቱን ደፍቶ ይቀራል።

ኢትዮጵያ ማዳበሪያ የምታስገባው ሙሉ በሙሉ ከውጭ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሩሲያና ቤላሩስ ከዓለም ትልልቅ የማዳበሪያ ላኪዎች ናቸው። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ፣ ማዕቀቡ ሲከተልና አውሮፓ ከሩሲያ ጋዝ ስትላቀቅ፣ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የአውሮፓ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ፤ የዓለም ገበያ ተሻማ። የአንድ ኩንታል ዋጋ ለሜጫ ገበሬ ከእጥፍ በላይ አደገ። በዓመቱ ደግሞ ዋጋው ቀርቶ ዕቃው ራሱ ጠፋ፤ በሰኔ 2015 ዓ.ም. የክልሉ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጡ። የሁለተኛው ጥፋት የውጭ ብቻ አልነበረም፤ የግዥና የስርጭቱ መዘግየት የራሳችን ነው፤ ይህን ለዩክሬን ማላከክ አይቻልም።

በዚያው ወቅት አንድ የተሻለ ነገርም ታይቷል። በኦገስት 2022 (እ.ኤ.አ.) «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለች መርከብ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና ከጥቁር ባሕር ወጥታ ጅቡቲ ደረሰች። ስምምነቱን ያስገኙት የተባበሩት መንግሥታትና ቱርክ ናቸው። ቱርክ የኔቶ አባል ናት፤ ያደረገችው ግን በኔቶ ስም አይደለም። ከሞስኮ ጋር መስመሯን አልዘጋችምና በራሷ ቻለች። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ያሳያል፦ ቃል ኪዳኑ በድርጅትነቱ ከአካባቢያችን ሲርቅ አባላቱ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይገባሉ። ቱርክ ሞቃዲሾ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የጦር ማሠልጠኛ አላት፤ በዲሴምበር 2024 ኢትዮጵያንና ሶማሊያን አንካራ ላይ ያስማማችው እሷ ናት። ኢጣሊያ ለአፍሪካ ያወጣችውን «የማቴይ ዕቅድ» ይዛ መጥታለች። ፈረንሳይ በተቃራኒው ከማሊ፣ ከቡርኪና ፋሶ፣ ከኒጀር፣ ከቻድ ወታደሮቿን አስወጥታለች። ጅቡቲ ውስጥ ግን አሜሪካ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ከቻይና ጋር በአንድ ትንሽ አገር ጎን ለጎን ጦር ሰፍረው ይኖራሉ።

አንዳንድ ወገኖቼ የኔቶን ፊት ማዞር እንደ ነፃነት ያዩታል። ስሜቱ ይገባኛል፤ አልቀበለውም። የወታደራዊ ቃል ኪዳን መራቅ በራሱ ሰላም አያመጣም። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2023 ወዲህ የሚታየው እልቂት ኔቶ የሌለበት ነው፤ መሣሪያው ግን ከውጭ ይገባል። ብዙ ገዥ ያለበት ገበያ ለትንሽ አገር የሚመቸው፣ ያ አገር ቤቱ የተረጋጋ ሲሆን ብቻ ነው። ጃንሆይ ከሁለት ጎራ መውሰድ የቻሉት አገሪቱ ቢያንስ ለድርድር የሚቀመጥ አንድ ማዕከል ስለነበራት ነው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ከአንዱ ጎራ ወደ ሌላው ሲሻገር በአገር ውስጥ ቀይ ሽብር ላይ ነበር፤ የተሻገረበት ዋጋም ለእዳና ለጥገኝነት ዳረገን።

ታዲያ አሁን በእጃችን ምን አለ? የአፍሪካ ኅብረት የሰላም ፈንድ አለ። የኪጋሊው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንዳንድ ገቢ ዕቃዎች ላይ 0 ነጥብ 2 በመቶ እንዲሰበሰብ ከወሰነ ወዲህ የ400 ሚሊዮን ዶላር ግብ ተይዞለት በአባል አገሮች መዋጮ እየጠነከረ መጥቷል። ለአንድ ትልቅ ተልእኮ ዓመታዊ ወጪ የማይበቃ ነው፤ ለሽምግልናና ለፈጣን ስምሪት መነሻ ግን ይሆናል። ዋና መሥሪያ ቤቱን የምታስተናግደው ኢትዮጵያ መዋጮዋን ከመክፈል አልፋ በውሳኔ 2719 ጉዳይ የድርድሩ መሪ ብትሆን ይገባታል፤ በሶማሊያ ደሟን ያፈሰሰች አገር ናትና።

ማዳበሪያው ደግሞ አለ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ 2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራረሙ። በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት፣ በ40 ወር እንዲያልቅ፣ ጋዙንም ከካሉብና ከሂላላ እንዲያገኝ ታቅዷል። ዕቅዱ ከያዘ የቆጋ ገበሬ ዩሪያ ለማግኘት የሔግን ጉባኤ፣ የሞስኮን ማዕቀብና የሁቲዎችን ሚሳይል መጠበቅ ይቀርለታል። ኢትዮጵያ ለመከላከያ ከምትገዛው ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ይህ ፋብሪካ ለደኅንነቷ ይበልጥ እንደሚጠቅም አምናለሁ።

ከጎዴ የሚነሣ ኩንታል ቀይ ባሕርን ማየት አያስፈልገውም። መራዊ ለመድረስ ግን የሶማሌን ቆላ፣ ከዚያም የዓባይን በረሃ አቋርጦ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በዳንግላ መንገድ ማለፍ አለበት፤ ያ መንገድ ባለፉት ዓመታት በውጊያ ሲዘጋና ሲከፈት የቆየ ነው። ፋብሪካው ለሚያልቅበት ጊዜ የተሰጠው 40 ወር ለዚህኛውም ጉዳይ የተሰጠ ጊዜ ነው፤ ለእሱ ግን የተፈረመ ውል እስካሁን የለም።